የነተቡ ጉልህ ፊደላት ከየት መጡ

በቡና ማሸጊያ፣ በሙዚቃ አልበም ሽፋንና በፊልም ፖስተር ላይ ዘወትር የምናየው አንድ የፊደል መልክ አለ። ቁመናው ጉልህና ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ግን የተበላ፣ ገላውም ቀለም ባልደረሰበት ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ በመሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት ታትሞ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት የኖረ ይመስላል። ስለዚህ መልክ አመጣጥ ሁለት ትረካዎች በሰፊው ይነገራሉ። አንደኛው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ የቴአትርና የሰርከስ ማስታወቂያ ይታተምበት የነበረው የእንጨት ፊደል ታማኝ ቅጂ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ በ1990ዎቹ የኮምፒውተሩ እንከን የለሽ ንጽሕና ያሰለቻቸው ወጣት ነዳፊዎች የፈጠሩት ነው ይላል። ማስረጃዎቹን አብረን ስንመዝን ግን የመጀመሪያው ትረካ እውነቱን በከፊል ብቻ እንደያዘ፣ ሁለተኛውም ነገሩን ወደ መቶ ዓመት ገደማ አዘግይቶ እንደሚጀምር እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስክሮቻችንን መለየት ይገባናል፤ ሦስት ሲሆኑ፣ ሦስቱም እኩል የሚታመኑ አይደሉም። የመጀመሪያው ፊደል ሠሪዎች ደንበኛ ለመሳብ ያሳትሙት የነበረው የናሙና መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በዚያው ፊደል የታተመው ማስታወቂያ፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ ዛሬ በየቤተ መዘክሩና በየዩኒቨርሲቲው ግምጃ ቤት የተቀመጠው እንጨት ነው። የናሙና መጽሐፉ ፊደሉን ከመሥሪያው እንደወጣ፣ በተመረጠ ወረቀት ላይ፣ በሠለጠነ እጅ ታትሞ ያሳየናል፤ ሻጭ ስለ ዕቃው የሚሰጠው ምስክርነት በመሆኑም ከጉድለት የጸዳ ነው። እንጨቱ በተቃራኒው የብዙ አሥርተ ዓመታትን አገልግሎት ጠባሳ ተሸክሞ ስለሚቀርብ፣ የሚመሰክረው ስለ ተሠራበት ቀን ሳይሆን ከሥራ ስለ ወጣበት ቀን ነው። ማስታወቂያው በሁለቱ መካከል ይቆማል። ነገር ግን ለጥቂት ቀናት ትርኢት ተለጥፎ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ማስታወቂያ የሚሸፈን ወረቀት ስለ ነበረ፣ ለእኛ የደረሰን በአጋጣሚ የተረፈው ብቻ ነው፤ በዚያ ቅሪት ላይ የምናየው መደብዘዝና መፋቅም ከፊሉን ያመጣው የኅትመቱ ጥራት ሳይሆን የወረቀቱ ዕድሜ ነው። የተጎሳቆለው ፊደል የዘመኑ ትክክለኛ መልክ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምስክር ሰምቶ የመጀመሪያውን ካለመስማት የመጣ ነው።

ጉልህ ፊደል የተወለደው በአሜሪካ ሳይሆን በለንደን ነው። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል አታሚዎች የነበሯቸው ፊደላት በአመዛኙ ለመጽሐፍ የታሰቡ፣ አንባቢ በእጁ ይዞ በቅርብ የሚያያቸው ነበሩ። የታላቁ ፊደል ሠሪ የዊልያም ካዝሎን ደቀ መዝሙር የነበረው ቶማስ ኮትረል በ1760ዎቹ አጋማሽ በአሸዋ ቅርጽ እያቀለጠ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚደርሱ የማስታወቂያ ፊደላትን ማቅረብ ጀመረ፤ እነዚህም ቢሆኑ ተለቅ ተደርገው የተሠሩ የመጽሐፍ ፊደላት ነበሩ እንጂ የራሳቸው ቅርጽ አልነበራቸውም። ቅርጹ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ቀጥ ያሉት ምሰሶዎች ከልክ በላይ ሲደነድኑና ቀጫጭኖቹ መስመሮች እንደ ቀጠኑ ሲቀሩ ነው። ለዚህ መነሻ የሆነው የግድግዳው ፉክክር ነበር። እስከ 1826 ድረስ የዘለቀው የእንግሊዝ መንግሥት ሎተሪ ወኪሎች፣ የቴአትር ቤቶች፣ የሠረገላ ድርጅቶችና የመድኃኒት ሻጮች በአንድ ግድግዳ ላይ ተደራርበው ይለጥፉ ነበር፤ በዚያ ግርግር መካከል ከመንገድ ማዶ ሊነበብ የሚችለው በወረቀቱ ላይ ብዙ ጥቁር ያሳረፈው ብቻ ነበር።

ይህን ለውጥ ማን ጀመረው ለሚለው ጥያቄ የቅርብ ምስክሮቹ አይስማሙም፤ ቢያንስ በስሜታቸው ተቃራኒ ናቸው። አታሚው ዊልያም ሳቬጅ በ1822 ባሳተመው ሥራው ለውጡን ከሁሉ በላይ የፈጸመው የለንደኑ ፊደል አቅላጭ ሮበርት ቶርን መሆኑን ይመሰክራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ቶማስ ሃንሳርድ ስለ ኅትመት ጥበብ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እነዚሁን ወፍራም ፊደላት የሙያው ውርደት አድርጎ ያወግዛቸዋል። ሳቬጅ ቶርን ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ ሙያውን ከውስጥ እያወቀ የጻፈ በመሆኑ ቃሉ ክብደት አለው። ሆኖም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በለንደን ማቅለጫ ቤቶች ሁሉ የተዛመተን ነገር የአንድ ሰው ሥራ ማድረግ የዘመኑ ጸሐፊዎች ልማድ እንደ ነበረ ስለምናውቅ፣ ምስክርነቱን የምንቀበለው ቶርን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበረ በሚለው ልክ ነው።

ስለ ሁለተኛው ታላቅ ቅርጽ፣ በጫፎቹ ላይ እንደ ምሰሶው የወፈረ አራት ማዕዘን እግር ስለ ተተከለለት ፊደል፣ የሚነሣው ክርክር ደግሞ ስለ ምንጭ አያያዝ ብዙ ያስተምራል። ይህን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ፊደል አቅላጩ ቪንሰንት ፊጊንስ ነው። የናሙና መጽሐፉ በርዕስ ገጹ 1815 ስለሚል፣ ይህ ዓመት ለረጅም ጊዜ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል። ኋላ ግን ፊደሉ በሚታይበት ቅጂ ወረቀት ላይ 1817 የሚል የውኃ ምልክት በመገኘቱ ዘመኑ ወደዚያ ተሻሻለ። ፊደል አቅላጮች የቆየውን የርዕስ ገጽ ሳይለውጡ አዳዲስ ገጾችን እየጨመሩ መጽሐፋቸውን ያሳድጉ ነበር። የርዕስ ገጽ ሊያረጅ ይችላል፤ ወረቀት ግን ከመሠራቱ በፊት ሊታተምበት አይችልም። የሁለት ዓመት ልዩነት ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። አራተኛው ዊልያም ካዝሎን ጨርሶ እግር የሌለውን የመጀመሪያውን የኅትመት ፊደል በ1816 ገደማ እንዳወጣ ስናስታውስ ግን፣ ማን ማንን ቀደመ የሚለው ቅደም ተከተል የሚገለበጠው በዚህችው ልዩነት ነው።

ፊደሉ እየተለቀ ሲሄድ ብረቱ እምቢ አለ። እርሳስ፣ አንቲሞኒና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሠሩት ፊደላት በትልቅ መጠን ሲቀልጡ እኩል አይበርዱም፤ ፊታቸው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ቀለምም መሐላቸውን ስቶ ያልፋል። ክብደታቸው ለማንሣት ያስቸግራል፣ ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፣ ከወደቁም ጠርዛቸው ይጎዳል። መፍትሔው እንጨት መሆኑ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ቻይናዊው ሊቅ ሸን ኩዎ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቢ ሸንግ የሸክላ ፊደላት ሲጽፍ፣ እንጨት ያልተመረጠው የጭረቱ ጥግግት የተለያየና እርጥበት የሚስብ በመሆኑ እንደ ነበረ አመልክቷል፤ ዋንግ ዠን ግን በ1313 በደረሰው የግብርና መጽሐፉ መጨረሻ የራሱን የእንጨት ፊደላት አሠራር በዝርዝር አስፍሯል። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ለትልልቅ ማስታወቂያዎች ፊደል በእጅ የሚጠርቡ ባለሙያዎች አልጠፉም። የጠፋው፣ አንድን ቅርጽ ደጋግሞ፣ በተመሳሳይ ልክ፣ ለሽያጭ በሚበቃ ብዛት የማውጣት ዘዴ ነበር።

ይህን ዘዴ ያመጣው የኒው ዮርኩ አታሚ ዳርየስ ዌልስ ነው። ስለ ዓመቱ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፦ 1827 እና 1828። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያመለክቱት ግን የተለያየ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዌልስ የፊደሉን ዙሪያ እየተሽከረከረ የሚቦረቡር መቁረጫ መሥራቱ ይነገራል፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የእንጨት ፊደል ብቻ የያዘውን የመጀመሪያውን የናሙና መጽሐፍ አሳተመ። እኛ ሁለተኛውን የመነሻ ዓመት አድርገን እንይዛለን፤ የመሣሪያው ቀን በትረካ የቆመ ሲሆን የመጽሐፉ ቀን ግን ታትሞ በእጃችን ያለ ነው። ዋናው የጥናት መጽሐፍ ጸሐፊ ሮብ ሮይ ኬሊም የአሜሪካን የእንጨት ፊደል ታሪክ የጀመረው ከዚሁ ዓመት ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያከራክረው የሁለተኛው እርምጃ ባለቤትነት ነው። የዌልስ መቁረጫ ፈጣን ቢሆንም ቅርጹን የሚመራው አሁንም የሠራተኛው እጅ ነበር። በ1834 ዊልያም ሌቨንወርዝ ይህን መቁረጫ ከፓንቶግራፍ ጋር አጣመረው፤ አንድ ሞዴል ፊደል በጫፉ እየተከተለ በሌላው ጫፍ ያንኑ ቅርጽ በተፈለገው መጠን የሚቆርጥ መሣሪያ ሆነ። በሌላ ወገን በኮነቲከት ግዛት የነበረው ኤድዊን አለን በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ተመሳሳይ መሣሪያ በራሱ እንዳገኘ ይነገርለታል፤ የኒው ዮርኩ ነጋዴ ጆርጅ ኔስቢት በ1838 ባወጣው የናሙና መጽሐፍ በማሽን የተቆረጠ ብሎ ያስተዋወቀው የአለንን ፊደል ነበር። ኬሊ ቀዳሚነቱን ለሌቨንወርዝ ይሰጣል፤ ፍርዱም ከዓመታቱ ቅደም ተከተል ጋር ይስማማል። ሆኖም በአንድ አካባቢ፣ በአንድ የገበያ ግፊት ሥር፣ ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ወደ አንድ መፍትሔ መድረሳቸው የማይታመን ነገር አይደለም፤ ፓንቶግራፍም ለሥዕል መገልበጫነት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ መሣሪያ ነበር።

የአሠራሩ ዝርዝር ለጥያቄያችን ወሳኝ ነውና እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንጨቱ ሜፕል የተባለው ጠንካራ ዛፍ ነው፤ የሚቆረጠውም እንደ ጣውላ በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ ነው፤ ስለዚህ ቀለም የሚቀበለው ፊት የጭረቶቹ ጫፍ እንጂ የጭረቶቹ ጎን አይደለም። የተቆረጠው እንጨት ለረጅም ጊዜ እንዲደርቅ ይቀመጣል፣ በትክክል ወደ 23.3 ሚሊ ሜትር ቁመት ይላጋል፣ ፊቱ እስኪያንጸባርቅ ድረስ ይለሰልሳል፣ በሼላክ ተቀብቶ ከእርጥበት ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ዓላማ ነበር፦ ምንም ጭረት፣ ምንም ነጠብጣብ ሳይታይበት ድፍን ጥቁር እንዲያትም። በነገራችን ላይ ይህ ኢንዱስትሪ በላቲን ፊደል ዙሪያ የበለጸገበት አንዱ ምክንያት ለአማርኛ አንባቢ ከማንም ይልቅ ግልጽ ነው። ለአንድ የላቲን ማስታወቂያ ትልልቆቹ 26 ፊደላት ከቁጥሮችና ከሥርዓተ ነጥብ ጋር ይበቃሉ፤ ለአንድ የአማርኛ ማስታወቂያ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ድምፃቸው ብቻ 231 ቅርጽ ይጠይቃሉ፤ እያንዳንዱም ቅርጽ በየመጠኑ ደጋግሞ መቆረጥና በየሳጥኑ መደርደር አለበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግማሽ ምዕተ ዓመት የብዛት ዘመን ነው። በ1845 በለንደን ሮበርት በዝሊ ክላረንደን የተባለውን ፊደል አስመዘገበ፤ ጥበቃው የሦስት ዓመት ብቻ ስለ ነበረ ብዙም ሳይቆይ በሁሉም እጅ ገባ፤ የአሜሪካ እንጨት ቆራጮችም አጥብበው፣ አርዝመው፣ እግሩን አወፍረው ዛሬ የምዕራቡ ድንበር ምልክት ሆኖ የምናውቀውን መልክ አወጡለት። በኮነቲከት ዊልያም ፔጅ በ1874 በሁለትና በሦስት ቀለም ተደራርበው ለሚታተሙ ፊደላት ያዘጋጀው የናሙና መጽሐፍ የዘመኑ የእጅ ጥበብ ጫፍ ነው፤ የገጾቹን ጥራት የተመለከተ ሰው በእነዚህ ሠሪዎችና በመጎሳቆል መካከል ምንም ዝምድና እንዳልነበረ ይረዳል።

በ1880 ወደ ገበያው የገባው ጄምስ ኤድዋርድ ሃሚልተን ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ስለ አጀማመሩ የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው፦ በዊስኮንሰን ግዛት ቱ ሪቨርስ በምትባለው ከተማ የጋዜጣው አዘጋጅ ላይመን ናሽ ማስታወቂያ ለማተም ፊደል ይቸግረዋል፤ ሃሚልተን በእናቱ ቤት በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚነዳ ቀጭን መጋዝ፣ ፊደላቱን ከስስ እንጨት ቆርጦ በሌላ እንጨት ላይ ያጣብቅለታል፤ ፊደሉም ስለ ሠመረ ንግዱ ይጀመራል። ይህ የኩባንያው የቤት ወግ ነው፤ መሥራቾች ስለ ራሳቸው የሚተርኩት ታሪክ ብዙ ጊዜ ከድህነትና ከድንገተኛ ብልሃት መነሣቱም ይታወቃል። ሆኖም ለዚህኛው ወግ ከእንጨቱ የሚመጣ ድጋፍ አለ። የሃሚልተን የመጀመሪያ ፊደላት በእርግጥም ሆሊ ከተባለው እንጨት በስሱ ተቆርጠው በርካሽ እንጨት ላይ የተጣበቁ ናቸው። ርካሽነታቸው ለትናንሽ ከተሞች ማተሚያ ቤቶች በር ከፈተ፤ በ1891 የፔጅን ድርጅት የገዛው ሃሚልተን ሌሎቹንም ተፎካካሪዎች እየጠቀለለ፣ ምዕተ ዓመቱ ሲያበቃ በአሜሪካ የእንጨት ፊደልን ገበያ በብቸኝነት ሊይዝ ተቃረበ።

መጎሳቆሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የመጣውም በገበያው መቀዝቀዝ በኩል ነው። የሊቶግራፍ ባለቀለም ፖስተር ትልልቆቹን የሰርከስና የቴአትር ደንበኞች ሲወስድ፣ የእንጨት ፊደል በትናንሽ ማተሚያ ቤቶች እጅ ቀረ፤ እነርሱም አዲስ ሳይገዙ የነበራቸውን ለአሥርተ ዓመታት ሠሩበት። ፊደሉ ከመደርደሪያ ይወድቃል፤ በማሰሪያው ብረት ይጨመቃል፤ በውኃ ሲታጠብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ምስማር ወይም የብረት መስመር ከጎኑ ተነሥቶ ፊቱን ይወጋዋል። በእንግሊዝኛ ደጋግመው የሚመጡት ፊደላት ከሌሎቹ ቀድመው ይነትባሉ። ሙያተኛው ይህን እንደ ሀብት አላየውም። ከሥሩ ወረቀት እያነጠፈ ዝቅ ያለውን ፊደል ያስተካክላል፣ ቀዳዳውን ይሞላል፣ ካልሆነለትም የተጎዳውን አውጥቶ ይጥላል። በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ የሃች ወንድማማቾች በ1879 የከፈቱት፣ የመጀመሪያ ሥራውም የሰባኪው ሄንሪ ዋርድ ቢቸር ንግግር ማስታወቂያ የነበረው ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ በአሮጌ የእንጨት ፊደል ያትማል፤ ዛሬ ደንበኞች የሚወዱለት ያ የነተበ መልክ ለመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች የድካም ውጤት እንጂ የንድፍ ምርጫ አልነበረም።

እንግዲህ ጉዳትን አውቆ በፊደል ላይ የማሳረፍ ሐሳብ ከእንጨት አልመጣም ማለት ነው። ያ ሌላ የዘር ሐረግ አለው፤ እርሱም በመጽሐፍ በኩል ያልፋል። በ1844 በለንደን የቺዝዊክ ማተሚያ ቤት የ17ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን እመቤት ማስታወሻ አስመስሎ የተጻፈውን የሌዲ ዊሎቢን መጽሐፍ ሲያትም፣ ከአገልግሎት ወጥቶ የነበረውን የካዝሎንን ፊደል መረጠ። ፊደሉ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ በመሆኑ ለታሰበው ዘመን መቶ ዓመት ይዘገያል፤ አንባቢው ግን ልዩነቱን አልጠየቀም፤ አሮጌ መምሰሉ ብቻ በቃው። በ1880ዎቹ አንድሩ ቱር የተባለው የለንደን አሳታሚ በጆሴፍ ክሮሆል ሻካራ የእንጨት ሥዕሎች የታጀቡ፣ የጎዳና ሻጭ መጻሕፍትን የሚያስመስሉ ኅትመቶች አወጣ። በአሜሪካ ደግሞ የነፃነቱ መቶኛ ዓመት በ1876 ከተከበረ በኋላ ለቅኝ ግዛቱ ዘመን የተነሣው ናፍቆት ወደ ኅትመት ገባ፤ ዊል ብራድሊ በቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያያቸውን የጥንት የኒው ኢንግላንድ መጻሕፍት መሠረት አድርጎ፣ ከ1895 ጀምሮ በማሳቹሴትስ በከፈተው ማተሚያ ቤት ካዝሎንን በድፍረትና በውበት ተጠቀመበት።

በዚህ አየር ውስጥ ነው ባርንሃርት ወንድማማቾችና ስፒንድለር የተባለው የሺካጎ ማቅለጫ ቤት በ1890ዎቹ መገባደጃ በርን ናዳል የነደፈውን ፊደል ያወጣው። ጠርዙ እንደ ተበላ፣ ቀጥታው እንደ ተወላገደ፣ ቀለም የበዛበት አሮጌ ገጽ የሚመስል የእርሳስ ፊደል ነበር፤ ጉዳቱ በመገልገል አልመጣም፤ አብሮ ተቀልጦ የተሸጠ ነው። በ1892 ሃያ ሦስት ማቅለጫ ቤቶች ተዋሕደው በመሠረቱት ግዙፍ ኩባንያ ፊት ብቻውን የቆመ ድርጅት ለየት ያለ ነገር መሻቱ የሚጠበቅ ነው። የመጀመሪያ ስሙ የ15ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የሚጠራ ነበር፤ ገበያው ግን ቀዝቃዛ ሆነ። በ1918 ስሙ ካዝሎን አንቲክ ተብሎ ሲለወጥ ተቀባይነት አገኘ። የቅርጹን ዝርዝር ከካዝሎን ፊደላት ጋር ያስተያየ ሰው ዝምድና አያገኝም፤ የ15ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ፊደልም አይመስልም። ሁለቱ ስሞች የሚጠሯቸው ዘመናት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይራራቃሉ፤ ፊደሉ ግን ያው ነው፤ ይህም የተሸጠው አንድ የታወቀ ዘመን ሳይሆን እርጅና በጠቅላላው እንደ ነበረ ያስረዳል። ለእኛ ጥያቄ የዚህ ፊደል ክብደት ታላቅ ነው፦ ሆን ተብሎ የተሠራ መጎሳቆል በኮምፒውተር አልተጀመረም፤ የቆየውም ቢያንስ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነው።

የሚገርመው፣ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንጨቱን ፊደል ዳግም ሲያገኘው አጽድቶ ማቅረቡ ነው። ሮበርት ሃርሊንግ በ1938 ለሸፊልዱ ማቅለጫ ቤት ለስቲቨንሰን ብሌክ የነደፈው ፕሌይቢል የቴአትር ማስታወቂያን መልክ ይዞ ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው፤ በዚያው ዓመት ኒኮሌት ግሬይ ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌጠኛ ፊደላት ያሳተመችው መጽሐፍም የተመሠረተው በናሙና መጻሕፍት ላይ ስለ ነበረ ትኩረቷ በቅርጽ እንጂ በጠባሳ ላይ አልነበረም። የ1951 የብሪታንያ ፌስቲቫልም ባለ ወፍራም እግሩን ፊደል በንጹሕ መልኩ አነገሠው። በአሜሪካ ኬሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሚኒያፖሊስ ለተማሪዎቹ መለማመጃ መሰብሰብ የጀመረው የእንጨት ፊደል በ1969 ለታተመው ታላቅ መጽሐፉ መሠረት ሆነ፤ ስብስቡም ውሎ አድሮ በኦስቲን ወደሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኬሊ ገጾቹን ሲያዘጋጅ ፊደላቱን በተቻለው መጠን ጥርት አድርጎ አተመ። የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቤ በ1990 የእንጨት ፊደላትን ወደ ኮምፒውተር ሲያመጣ የዛፍ ስም ሰጣቸው፤ ጭረታቸውን ግን አላመጣም። እንግዲህ ከሃርሊንግ እስከ አዶቤ ፊደሉን ዳግም ያቀረቡት ሁሉ የተከተሉት ከሦስቱ ምስክሮቻችን የመጀመሪያውን ነበር።

ተቃራኒው ወገን የተነሣው በዚያው ሰሞን ነው። ሆላንዳውያኑ ኤሪክ ቫን ብሎክላንድና ዩስት ቫን ሮሱም በኅትመት ቅጽበት ጠርዙ በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ቤዎውልፍ የተባለ ፊደል ሠሩ፤ ቫን ብሎክላንድ በ1991 ያወጣው ትሪክሲ ደግሞ የአሮጌ ታይፕራይተርን እድፍ ሳይቀር ይዞ መጣ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች አሮጌ ፖስተርን በስካነር አንሥተው መስመሩን በኮምፒውተር በማስከተል የተጎሳቆሉ ጉልህ ፊደላትን አበዙ። የመጀመሪያዎቹ እንዳይረቅቁ ያደረጋቸው የቴክኒክ ገደብ ነበር፦ እያንዳንዱ ቡጭሪያ ተጨማሪ ነጥቦችን ስለሚጠይቅ የዘመኑ ማተሚያዎች ማኅደረ ትውስታ አልችል ይል ነበር። ገደቡ ሲነሣ ዝርዝሩ በዛ፤ ከዝርዝሩ ጋር ግን የታሪክ ስሕተቱም በዛ። ዛሬ የእንጨት ፊደል ተብለው ከሚቀርቡት ብዙዎቹ በገላቸው ላይ ረጃጅም የጣውላ ጭረት ይታይባቸዋል። በአግድሙ የተቆረጠ ሜፕል ግን የሚያትመው የጭረቱን ጫፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ ረጅም መስመር አይሰጥም፤ ሲጎዳ የሚያሳየው ጎድጓዳ ነጥብና የተሰበረ ጠርዝ ነው። ያ ረጅም ጭረት የሚመጣው በቁመቱ ከተቆረጠ ጣውላ ነው፤ የፔጅና የዌልስ ፊደላት መልክ አይደለም።

ሌላው ልዩነት ከዚህ ይከብዳል፤ ናዳልንም የዛሬዎቹን ነዳፊዎችም በአንድነት ይነካል። ማንኛውም እውነተኛ ጉዳት የአንድ ቁራጭ ፊደል ብቻ ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ስምንት ተመሳሳይ ፊደላት ቢኖሩ ስምንቱ በስምንት ዓይነት መንገድ ያረጃሉ። አብሮ በተቀለጠ ወይም አብሮ በተነደፈ ጉዳት ግን ቁስሉ የቅርጹ ስለሆነ በተደጋገመ ቁጥር ይደገማል፤ ነዳፊዎቹም ይህን ስላወቁ፣ በ1996 ይፋ የሆነውን ኦፕንታይፕ የተባለ የኮምፒውተር ፊደል ቅርጸት ተጠቅመው ለአንድ ፊደል ሁለትና ሦስት አማራጭ ጉዳት እያዘጋጁ ፊደሉ በተደጋገመ ቁጥር እንዲፈራረቁ ያደርጋሉ። ይህ ዓይንን ሊያታልል ይችላል፤ ምስክር ግን አይሆንም። የእውነተኛው ጉዳት የምስክርነት ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ቻርልተን ሂንማን በ1963 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል፤ በዋሽንግተኑ የፎልጀር ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የሼክስፒር የመጀመሪያ የድራማ ስብስብ ቅጂዎች እያስተያየ፣ ጠርዛቸው የተሸረፈ በመቶ የሚቆጠሩ ነጠላ ፊደላትን ከገጽ ወደ ገጽ ተከትሎ፣ መጽሐፉ በ1620ዎቹ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደ ተለቀመና እንደ ታተመ አረጋገጠ። በዚህ ሥራ ከርዕስ ገጽና ከአሳታሚ ቃል ይልቅ የተሰበረ ፊደል ታምኗል።

በእንጨት ፊደልም ረገድ የዚሁ ዓይነት ሥራ በር ተከፍቷል። ሠሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን የሚመቱት በአንዱ ፊደል፣ በትልቁ ኤ ጎን ላይ ነበር፤ ይህ ፊደል ከጠፋ ወይም ከሌላ ስብስብ ከመጣ የስብስቡ ትውልድ ይሳሳታል። ዴቪድ ሺልድስ በ2022 የቴክሳሱን የኬሊ ስብስብ ዳግም መርምሮ ባሳተመው መጽሐፍ የማኅተሙን፣ የናሙና መጽሐፉንና የእንጨቱን ምስክርነት ጎን ለጎን አቅርቧል። የማተሚያ ቤት ስም የሌለው፣ ቀን የማይነበብበት አንድ የቴአትር ማስታወቂያ ሲገኝም በወረቀቱ ላይ ያለው የተሸረፈ ጠርዝ በግምጃ ቤት ካለ አንድ ቁራጭ እንጨት ጋር ከገጠመ፣ ማስታወቂያው የወጣበትን ሳጥን ማወቅ ይቻላል፤ ያው ፊደል ሳይሸረፍ የታተመበት ሌላ ቀን ያለው ወረቀት ከተገኘ ደግሞ፣ ቀን የማይነበብበት ማስታወቂያ ከዚያ ቀን በኋላ የታተመ መሆኑ ይረጋገጣል።